ያወጡትን እጅ ለማስመለስ የደከሙት አቶ እንየው

አቶ እንየው ተገኘ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ክረምቱ ገባ እንዳለ፣ ሳል ሲያጣድፋቸው ሰንብቶ፣ ማክሰኞ ጠዋት ወረታ ታችኛው ሰፈር ባለው ቤታቸው ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ የቆማችሁ ታውቃላችሁ። በሐሙሲትና በይፋግ በኩል ያላችሁ፣ ሩዛችሁን በጋሪ ጭናችሁ ወደ እሳቸው መፈልፈያ ስትመላለሱ የኖራችሁ ግን መርዶው ገና ያልደረሳችሁ ትኖራላችሁ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ይህን የምጽፈው ሰው መምህር ነኝ። ከወሎ ተዛውሬ ነው የመጣሁት። ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ ለቀበሌያችን ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደርጌ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ አቶ እንየው በዚያ አዳራሽ ምን እንዳሉና ምን እንደተባሉ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሙት አይወቀስም ይባላል፤ እሳቸውማ ምን የሚወቀስ አላቸው? ስለ ቋሚው ግን ዝም በል ያለኝ የለም። ከቋሚዎቹ አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ።

ለማያውቋቸው ልንገር። አቶ እንየው የሩዝ መፈልፈያ ነበራቸው። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ስለሚውል ግራ ጆሯቸው መስማት ትቶ ነበር፤ ሰው ሲያናግራቸው ቀኙን ያስጠጋሉ። ገበሬው ጆንያውን እንዳወረደ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ወደ ውስጥ ይሰዱና ከሥር እፍኝ ይዘው ይወጣሉ። አንዲቱን ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብሯታል። ቀጭ ካለች ሞተሩ ይነሣል። ካላለች ጆንያው ተመልሶ ይታሰራል። «አልደረቀም ወንድሜ፤ አሁን ብፈለፍለው ተሰባብሮ ይወጣና ሚስትህ እኔን ትረግማለች» ይላሉ። ሩቅ አገር ሰው ከሆነ ግን አይመልሱትም፤ ግቢያቸው ውስጥ ያሰጡለትና ደመና በመጣ ቁጥር ሸራ ይዘው የሚሮጡት ራሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ማሽን ያለው ሰው እንዴት የመጣለትን ሥራ ይመልሳል ብዬ ጠየቅኋቸው። «የመጣለትን ሁሉ የሚፈጭ ወፍጮ ባለቤት የለውም ማለት ነው» አሉኝ። እኔንም ወረታ ስገባ፣ ቤት እስካገኝ ድረስ ሁለት ወር በቤታቸው አስቀምጠውኛል። እንግዳ መሆኔን አንድ ቀን እንኳ አላስታወሱኝም።

የሰፈሩ ሰው ለቀበሌ ምክር ቤት ይወከሉልን ብሎ የመረጣቸውም በዚህ ጠባያቸው ነው። አይ ምርጫ! የዚያን ጊዜ ስብሰባ ያላየ ሰው ቢነግሩትም አያምንም። ሊቀመንበሩ ወረቀት ያነባል። አንብቦ ሲጨርስ፣ «የሚደግፍ? የሚቃወም? ድምፀ ተዓቅቦ? በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይላል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው። እጅ ይወጣል። ያንቀላፋም ቢኖር ጎረቤቱ በክርኑ ጎሰም ያደርገውና የምን እንደሆነ ሳያውቅ ያወጣል። አቶ እንየው ከፊት ወንበር፣ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ መድረኩ አድርገው ይቀመጡ ነበር። አንዳንዴ «ቆይ እስቲ፣ ምኑን ነው የምናጸድቀው?» ብለው ሲጠይቁ አዳራሹ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ይቀፈኛል።

ነገሩ የመጣው በቦዩ ነው። ታችኛው ሰፈር ከተማው አልቆ የፎገራ ሜዳ የሚጀምርበት ነው። ከላይ ከተረተሩ የሚወርደው ጎርፍ መውጫ ስለሌለው ክረምት በገባ ቁጥር ቤት ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ሰው አልጋውን ድንጋይ ላይ አውጥቶ፣ እህሉን ቆጥ ላይ ሰቅሎ ይከርማል። ውሃውን ወደ ሜዳው የሚያወጣ ቦይ በበጋው እንዲቆፈር በዕቅድ ተይዞ ነበር። በጋው አለፈ፤ አንድ ዶማ አልተነሣም። የሪፖርት ጊዜ ሲደርስ ግን ረቂቁ ላይ «የታችኛው ሰፈር የጎርፍ መውረጃ ቦይ ቁፋሮ ተጠናቋል» የሚል ተጽፎ መጣ። እኔ ነኝ በጽሕፈቴ የገለበጥኩት።

አቶ እንየው ይህን ሰሙና አላጸድቅም አሉ። ይህም ቃል ከሊቀመንበሩ ጆሮ ገባ። ይህን ጊዜ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላከባቸው! እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት አረጋውያን መጥተው ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። እኔ ምሳ ተጠርቼ እዚያው ነበርኩ። ይግቡ ቢባሉ፣ ይቀመጡ ቢባሉ፣ እሺ ሳይሉን አንቀመጥም አሉ። ቦዩ ዝናብ ሳይጥል ይቆፈራል፤ ሰውዬው በአለቆቹ ፊት እንዳያፍር ነው፤ እርስዎም አያዋርዱት እያሉ ለመኑ። አቶ እንየው ከሽማግሌ ፊት ተቀምጠው መስማት ነውር ነውና ብድግ ብለው፣ «ወረቀቱ ከዶማው ቀድሞ ይሂድ ነው የምትሉኝ?» አሉ። የሦስቱ ታላቅ፣ በምርኩዝ የቆሙት፣ እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አቶ እንየውም አዩ። ያን ያህል ሲያቆሟቸው አላስቻላቸውም፤ እሺ አሉ። ሽማግሎቹ መርቀው ተቀመጡ፤ ምሳም ተበላ።

ረቡዕ ዕለት እጃቸውን አወጡ። ከጆሯቸው በላይ አላለፈችም፤ ግን ወጣች። እኔም በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ብዬ ጻፍኩ፤ ሁሉም ፈረመ።

ክረምቱ ሲገባ ዶማ የያዘ ሰው ከየትም አልመጣም። ጎርፉ ግን በቀጠሮው መጣ። ያን ጠዋት አቶ እንየው መፈልፈያቸውን ዘግተው መጋዘኑን ለሰፈሩ ሰው ከፈቱት። አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት አሮጊት ጎረቤታቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ውሃው እስከ ወገባቸው ደርሶ፣ ሲያወጧቸው ዓይኔ አይቷል። አሮጊቷ ከጀርባቸው ላይ ሆነው ይመርቋቸዋል፤ እሳቸው ግን «አይመርቁኝ እማማ፤ ይህን ውሃ ቤትዎ ያስገባሁት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። ሴትዮዋ ምን እንደሚሉ አልገባቸውም። እኔ ገብቶኛል።

ውሃው ሲጎድል የሰፈሩን ሰው ይዘው ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዱ፤ ቦይ ይቆፈርልን አሉ። ባለሥልጣኑ ፋይሉን አስመጥቶ ገለጠና የተቆፈረ ቦይ እንዴት ዳግም ይቆፈራል፣ ይኸው እርስዎም ፈርመዋል ብሎ ፊርማቸውን አሳያቸው። እሺ፣ እኛው በጉልበታችን እንቆፍረዋለን ብለው ጎረቤት ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። ገና ሣሩን ሳይልጡ ሚሊሻ መጥቶ አስቆማቸው። ምክንያቱ በደብዳቤ መጣ፤ ደብዳቤውን በእጄ ይዤ አንብቤዋለሁ፣ ማኅተም አለው። «በተጠናቀቀ መሠረተ ልማት ላይ ጉዳት ለማድረስ በመሞከር» ይላል። ወይ ነዶ! የሌለ ቦይ አበላሻችሁ ተብሎ ሰው ይከሰሳል? እኛ አገር ተከሰሰ።

በሚቀጥለው ስብሰባ አቶ እንየው ተነሡ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። «ባለፈው ያወጣሁት እጅ የውሸት ነው። ሳላውቅ አይደለም፤ እያወቅሁ ነው የዋሸሁት። እጄን መልሱልኝና ቦዩ አልተቆፈረም ተብሎ ይጻፍ» አሉ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ሊቀመንበሩ የወጣ እጅ የሚመለስበት መመሪያ የለም ብሎ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ።

ያን ጊዜ አቶ እንየው እነዚያኑ ሦስት ሽማግሌዎች ለመኑ። ሽማግሎቹም አፍረው ኖሯል፤ ሄዱ፤ ሊቀመንበሩ ቢሮ በር ላይ እንደ ወጉ ቆሙ። አስቀምጦ እንኳ አላናገራቸውም። «በመንግሥት ሥራ ሽማግሌ አይገባም» ብሎ መለሳቸው። ለውሸቱ ሽማግሌ የላከ ሰው ለእውነቱ ሽማግሌ አይገባም አለ!

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አንድም ስብሰባ አልቀሩም። ጥያቄያቸውን ሲያስመዘግቡ ልዩ ልዩ ጉዳዮች ከሚለው ሥር ይገባል። ልዩ ልዩ ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው፤ እዚያ ሲደረስ ጊዜው አልቋል ይባልና ስብሰባው ይዘጋል። ወንበር ሲነሣ፣ ሰው ሲወጣ፣ እሳቸው ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ይከታሉ። ግምገማም አደረጉባቸው። ጸረ-ልማት ተባሉ፤ የኪራይ ሰብሳቢዎች አፈ ቀላጤ ተባሉ። ያልደረቀ ሩዝ አልፈለፍልም ብለው ገበያቸውን የሚመልሱትን ሰው! ግለ ሂስ ያድርጉ ሲባሉ ቆሙና፣ «የእኔ ጥፋት አንድ ነው፤ እጅ አውጥቻለሁ» ብለው ተቀመጡ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ሰው ሰድቤ ራሴን ብደብቅ ከእነሱ በምን እሻላለሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆመው ጠበቁኝ። «አንድ መስመር ናት፣ መምህር» አሉኝ። «‹እንየው ቦዩ አልተቆፈረም ብሏል› ብለህ ጻፍልኝ። ጻፍ ያለህ እኔ መሆኔን እነግራቸዋለሁ፤ ሌላውን ለእኔ ተወው።» እኔ በዚያ ዓመት ለከፍተኛ ትምህርት የሚልከኝን የድጋፍ ደብዳቤ ከዚያው ከሊቀመንበሩ እጠብቅ ነበር። ያለ ሰብሳቢው ፈቃድ ምንም መጻፍ አልችልም፣ ደንብ ነው አልኳቸው። ደንብ! ከደንቡ አንዱንም አንብቤው አላውቅም። ተቆጥተው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ልጄ ከወባው ተሽሏት እንደሆነ ጠየቁኝ። ተሽሏታል አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ሄዱ።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ሳሉ ጸናባቸው። የገለባው ብናኝ ነው ያሉ አሉ፤ ባለፈው ጎርፍ የሰው ጆንያ ሲያወጡ ውሃ ውስጥ ስለዋሉ ነው ያሉም አሉ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ሞቱ።

ቀብሩን ያላያችሁ ይህን ስሙኝ። አስከሬኑ ከቤታቸው ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ቦዩ ተቆፍሮበታል በተባለው ቦታ ማለፍ ነበረበት። ውሃ ተኝቶበታል። የተሸከሙት ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ገብተው፣ ሬሳውን ውሃ እንዳይነካው ወደ ትከሻቸው ከፍ እያደረጉ፣ እየተንገዳገዱ አሻገሩት። እኛም ሱሪያችንን ሰብስበን ተከተልን። ሊቀመንበሩ ረጅም የጎማ ቦት አድርጎ መጥቷል፤ አስቦበት ነው የወጣው። ከጸሎቱ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሕይወት ታሪካቸውን ላንብብ አለ፤ ማን እንደጠየቀው አላውቅም። ትውልዳቸውን አነበበ፤ ሥራቸውን አነበበ። ከዚያ፣ «በምክር ቤት አባልነታቸው ዘመን የታችኛው ሰፈር የጎርፍ መውረጃ ቦይ ተቆፍሮ እንዲጠናቀቅ ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርገዋል» አለ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ፊት ድምፅ አሰምተው የማያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታይሽ ለቅሷቸውን አቆሙ። ነጠላቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበር።

«የቱን ቦይ?» አሉ። «አሁን ሬሳውን ያሻገራችሁበትን?»

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና ወደሚቀጥለው አንቀጽ አለፈ። እውነት ነው የምላችሁ፣ አነበበው እስከ መጨረሻው። ሲጨርስ ከኋላ ያጨበጨቡም አልጠፉም፤ በቀብር ላይ አይጨበጨብም፣ እነሱ ግን ከስብሰባ አምጥተውት ነው። እኔ ከፊት ነበርኩ። አፌን አልከፈትኩም። ያን ዕለት የተጸየፍኩትን ያህል ሰው ተጸይፌ አላውቅም፤ ከሁሉ በላይ ግን የተጸየፍኩት ራሴን ነው።

ጋሽ እንየው፣ የቀረውን ለእርስዎ ልንገርዎ። ሰባትዎ ባለፈ ማግስት ስብሰባ ነበር። የኅሊና ጸሎት አደረግንልዎ፤ ደቂቃው ሳይሞላ ተቀመጡ ተባልን። ወንበርዎ ላይ ከላይኛው ሰፈር የመጣ ሌላ ሰው አስቀምጠዋል። የዓመቱ ሪፖርት ተነበበ፤ ቦይዎ ዘንድሮ አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛል ይላል። እጅ ሁሉ ወጣ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ በሙሉ ድምፅ ብለህ ያዝ አለኝ። እኔ ግን አንድ መስመር ጻፍኩ። አቶ እንየው ተገኘ በሕይወት ሳሉ ቦዩ አልተቆፈረም ብለዋል፤ እኔም ቀብራቸው ዕለት ገብቼበታለሁ፣ አልተቆፈረም አልኩ። ፈረምኩበት፤ ተነሥቼም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። በማግስቱ ከቃለ ጉባኤ ያዥነት አነሡኝ፤ ደብዳቤውን ስጠብቅለት የኖርኩት የትምህርቱም ነገር ቀረ። ይህን ጀግንነት ብለው አይቁጠሩልኝ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። መዝገቡን እስኪቀድዱት ድረስ ግን ቃልዎ እዚያ አለ፤ ከቀደዱትም ይኸው እዚህ ጽፌዋለሁ።

ነፍስዎን ይማር፤ ይቅርም ይበሉኝ፣ ጋሼ። መስመሯን ለመጻፍ ጊዜ አልወሰደችብኝም። እርስዎ ግን ሦስት ክረምት ጠብቀዋታል።