ሞይራ በካልሲ የተጫወቱባቸው ሁለት ቀናት

ሪቻርድሰን ከተማ ውስጥ በጋሽ ታደሰ ስቱዲዮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የታዘዝኩት ጫማዬን እንዳወልቅ ነው። ስቱዲዮው ከመጋዘኖች ጀርባ ያለ ሁለት ክፍል ነበር። አብዛኞቹ ደንበኞቻችን ዘማሪዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን እንደለመዱት ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ ሲገቡ፣ ጋሽ ታደሰ ነገሩን ሕግ አደረጉት።

"ምንጣፉ አይቆሽሽም፣ ማይኩም የእግር ኮቴ አያነሳም። ሶ፣ እዚህ ቤት ጫማ የለም፤ ኦኬ?" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሥራዬ ትርፍ ድምፅ ማሳደድ ሆነ። ገመድ እጠቀልላለሁ፣ ማይክ እተክላለሁ፣ የወንበር ሲጥሲጥታና የወረቀት ኮሽታ ከቅጂው ላይ እየለቀምኩ አወጣለሁ። በመጨረሻ ጋሽ ታደሰ አንድ ሙሉ አልበም ለብቻዬ እንድቀዳ ሰጡኝ። እሱም የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ሆኖ አረፈው።

ቡድኑ የመጣው በቅርብ ካለችው ከፎርት ወርዝ ከተማ ነው። መሪያቸው ሞይራ ሰባ ዓመት የተሻገሩ ቫዮሊን ተጫዋች ናቸው። ልጃቸው ኬትም ቫዮሊን ትጫወታለች፤ ሁለት ወንዶች ደግሞ አኮርዲዮንና ጊታር ይዘዋል። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም፣ እኔ ሞይራን በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የማዋራቸው።

ዕቃ ሳይወርድ ኬት ወደ ጎን ወሰደችኝ። "እናቴ ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟታል። በቀን ሁለት ሰዓት ብትጫወት ነው፤ ከዚያ ያብጣሉ" አለችኝ። ያላቸው ሦስት ቀን ብቻ ነበር፤ አኮርዲዮን ተጫዋቹ በሦስተኛው ቀን ማታ ወደ አየርላንድ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ የሚቀዳው ሞይራ ራሳቸው የደረሱት፣ ተቀድቶ የማያውቅ ዜማ ነው። አልበሙም የታሰበው ለእሱ ሲባል ነው።

የጫማውን ሕግ ስነግራቸው አራቱም ሳያንገራግሩ አወለቁ። እንግዳ ምን ይላል?

ሙዚቃቸው ገረመኝ። ሁለት ሦስት ዜማ አያይዘው ይጫወታሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ አያቆሙም፣ የሚያዝም የለም። መጠየቅ አመሌ ነውና ሞይራን ምልክታቸው ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ምልክት የለንም፤ ይታወቀናል" አሉኝ።

ያን ቀን ግን አልታወቃቸውም። መሻገሪያው ላይ ሲደርሱ አኮርዲዮኑ ይቀድማል፣ ጊታሩ ይዘገያል፣ ሞይራ መጫወት ትተው የቫዮሊናቸውን ቀስት ያወርዳሉ። ወንበር አቀያየርኩ፣ ማይክ ለወጥኩ። ምት የሚቆጥር ማሽን በጆሮ ማዳመጫ ለቀቅኩላቸው። ሞይራ ማዳመጫውን አውልቀው እያሳዩኝ፣ "እዚህ ውስጥ ያለው ሰውዬ እንደሆነ ያወራል እንጂ አይሰማም" አሉ። ሁሉም ሳቁ። ቅጂው ግን በድን ነበር። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለቀ፤ ሁለተኛውም ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

በሁለተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጫማቸውን አድርገው፣ መሣሪያቸውን ይዘው በኋላ በር ወጡ። ሞይራ አንድ ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ፓሌት ላይ ቆመው መሻገሪያውን ያሳዩዋቸው ጀመር። አራቱም እንደ አንድ ሰው ተሻገሩ! ሳንድዊቼን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ዓይናቸውን ባይ ማንም ማንንም አይመለከትም። ከዚያ ፓሌቱ ሲንኳኳ ሰማሁ። የሞይራ ተረከዝ ነው፤ ልክ ከመሻገራቸው በፊት ሁለቴ ይመታል።

"እግርዎን እኮ ይመታሉ" አልኳቸው።

"እኔ?" አሉ። እሳቸውም፣ ሌሎቹም ልብ ብለውት አያውቁም። መሪጌታው በመቋሚያው መሬቱን ሲመታ ማኅሌቱ ሲከተለው እያየሁ ያደግኩት እኔም ልብ አላልኩም።

ወደ ጋሽ ታደሰ ሮጥኩ።

"ጫማ አድርገው ይግቡ? ካርፔቱን ክሊን ካስደረግኩ ሳምንት አልሞላውም እኮ!"

"ጋሽ ታደሰ፣ ሁለት ቀን የጠፋው ተረከዛቸው በካልሲ ስለማይሰማ ነው። የሴትዮዋ ጣቶች ደግሞ እያለቁ ነው።"

"ማለቴ... ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ኮምፔንሳቶ አለ። ከእግራቸው ሥር አንጥፍላቸው" አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ሞይራ ጫማ ያደረገ እግራቸውን ኮምፔንሳቶው ላይ አሳርፈው ተቀመጡ። ሁሉም ዜማ በአንድ በሁለት ሙከራ ገባ። ጊታር ተጫዋቹ ከደስታው ብዛት አቀፈኝ። አንድ ዜማ ብቻ ቀረ፤ የሞይራ።

ቫዮሊኑን አነሱ፣ ጣቶቻቸው ግን ክሩን አልጫን አሉ። አረፉና እንደገና ሞከሩ። እምቢ አላቸው። ኬት ሌላ ጊዜ እንደሚመለሱ ስትነግራቸው፣ "ሌላ ጊዜም ጣቶቹ እነዚሁ ናቸው። አንቺ ተጫወቺው" አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ "እግሬ ደህና ነው። ማይክ አለህ?"

ተንበርክኬ ከተረከዛቸው አጠገብ ማይክ ተከልኩ። አፈርኩ። ኬት እያለቀሰች ተጫወተች፤ ሞይራ በተረከዛቸው መሯት። በአንድ ጊዜ ተቀዳ። ሲያልቅ ዞር ብል ጋሽ ታደሰ በር ላይ ቆመዋል፤ ጫማቸውን ማውለቅ ረስተው።

አልበሙ ወጥቷል። በዚያ ዜማ ላይ ከሞይራ ስም አጠገብ የተጻፈው "እግር" የሚል ነው፤ እንዲህ ይጻፍ ያሉት ራሳቸው ናቸው።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው፦ አንድን ድምፅ ከማጥፋታችሁ በፊት ማን እየሰማው እንደሚሠራ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ሁለት ቀን አባከንኩ። ሞይራ ያንን ዜማ በራሳቸው እጅ የተጫወቱበት ቅጂ የላቸውም።