ዘፋኝ አንሆንም ብለን ወጥተን

ሰው የሚሰደደው በሌሊት ነው ይባላል አይደል? እኔና ሰይድ ግን የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ የአሊዩ አምባ ገበያ ድምቅ ባለበት ሰዓት ነው። ማን ልብ ይለናል? ሰዉ በበርበሬና በጨው ተጠምዷል። እኛ ጭነት እንደሚያጠብቅ ሰው ጎንበስ ብለን፣ ከሰይድ አባት ከጋሽ እድሪስ ግመሎች ኋላ ኋላ፣ ወደ አዋሽ ቁልቁል ወረድን። የሸሸነውን ነገር ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ዘፋኝ አንሆንም ብለን ነው የተሰደድነው!

እኔ የአንኮበር መሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ከአባቴ እግር ስር ድጓ ስማር ነው ያደግሁት። ሰይድ ደግሞ ከታች ከአሊዩ አምባ ነው፣ መንዙማ ከሚባልበት ቤት። የተዋወቅነው የወረዳው ካድሬ «ድምፅ አላችሁ አሉ» ብሎ ለኪነት ቡድኑ ያስጠራን ቀን ነው።

«ጓድ፣ እኔ ዲያቆን ነኝ። አልዘፍንም» አልኩት።

«አንተስ?»

«እኔም ወላሂ ዘፍኜ አላውቅም» አለ ሰይድ።

«እንግዲያው ድምፃችሁን ለጦር ሜዳ አቆዩት» አለን። ወይ ኪነት፣ ወይ ውትድርና፤ ምርጫው ይኸው ነበር።

አባባ ይህን ሲሰሙ የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። ቁልቁለቱን አብረውኝ ወርደው ለጋሽ እድሪስ ያስረከቡኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ስነሣ «ይህን ድምፅ ለዘፈን እንዳትሰጠው። ሌላ አደራ የለኝም» አሉኝ።

አባባን ለማታውቋቸው፣ ተማሪ አመስግነው የማያውቁ ሰው ናቸው። ስትስት «ድገመው» ይሉሃል። አሁንም ከሳትክ፣ አሁንም «ድገመው»። ልክ ስትሆን ዝም ይላሉ፣ በቃ። ያችን ዝምታ ለማግኘት በስንት ብርድ ነው ያደርነው! ባልንጀሮቼ ሌላ የኔታ ፍለጋ ሲሄዱ እኔ የት እሄዳለሁ፣ የኔታዬ አባቴ።

ጅቡቲ ገባን። የአንኮበርን ጭጋግ ስረግም ያደግሁ ሰው፣ እዚያ ምድጃ ውስጥ ስገባ ያ ጭጋግ እንደ እናት ናፈቀኝ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ የስደተኛ ጉዳይ የሚያይ አንድ ፈረንሳዊ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ሙያ?»

«የዜማ ተማሪ።»

«ሙዚቀኛ» ብሎ ሊጽፍ ሲል ብድግ አልኩ። «ኧረ በማርያም! ሙዚቀኛ አይደለሁም!»

«ድምፅ አውጥተህ ታዜማለህ?»

«አዎ።»

«ከበሮ አለ?»

«አለ። ጸናጽልም አለ።»

«ሰውነታችሁን ታወዛውዛላችሁ?»

«እናሸበሽባለን። ግን ጭፈራ አይደለም።»

«ይከፍሏችኋል?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያው ሙዚቀኛ ነህ፣ የማይከፈለው» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ሰይድ ገባ። እሱም ድቤ አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ ግን ዱዓ ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም ብሎ ድርቅ አለ። ሰውየው ራሱን ይዞ «ደግሞ አንዱ!» አለና እሱንም ሙዚቀኛ አደረገው። ሊዮን የሚባል የፈረንሳይ ከተማ የገባነው በዚህ ማዕረግ ነው።

ሊዮን ብርዱ ደብረ ብርሃንን ያስንቃል። ዳቧቸው ባጌት ይባላል፤ ሽመል የሚያህል ነገር በብብታቸው ሸጉጠው ይሄዳሉ። ጎረቤት ሰላምታ ቢሰጥህ «ቦንዡር» ነው፣ አለቀ፤ እንዴት አደርክ፣ ከብቱ ደህና፣ እህሉ ደህና የለም። እኔ ሆዬ ሲጨንቀኝ የመጥረጊያ እንጨት እንደ መቋሚያ ይዤ፣ ወለሉን እየመታሁ የልጅነት ዜማዬን አዜማለሁ። የቤቱ ባለቤት ማዳም ሮዝ አንድ ቀን በሩን ደበደበችው።

«ሜሲዬ፣ ይኼ ሙዚቃ ነው?»

«አይደለም ማዳም።»

«ሙዚቃ ካልሆነ ጩኸት ነው። በቤቴ ጩኸት ክልክል ነው። ሙዚቃ ከሆነ ግን ምድር ቤት አለ፤ የእህቴ ልጅም እዚያ ይጮኻል።»

ሰይድ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «በል እሺ በላት፣ በዚህ በረዶ ልታስወጣን ነው?» እሺ አልን።

ምድር ቤት ዢል የሚባል ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ ልጅ የኤሌክትሪክ ጊታር ያስጮኻል። ሮክ ነው አለን። ሰይድ ትንሽ አዳመጠና ማጨብጨብ ጀመረ፤ እኔም በእንጨቴ ወለሉን መታሁ። አንገጥምም! ዢል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ፍጥነት ነው የሚያውቀው፤ የእኛ ግን ይፈጥንበታል። ቆይ፣ ለምንድነው የሚፈጥነው ብዬ ማሰላሰል የያዝኩት ያኔ ነው። የእኛ ወረብ ቀስ ብሎ በመቋሚያ ይነሣል፤ ከዚያ ከበሮ ይገባል፣ ጭብጨባ ይከተላል፣ በስተመጨረሻ ቤተ መቅደሱ ይግላል። ሰይድን ጠየቅሁት።

«የእናንተስ?»

«ያው ነዋ! ቀስ ተብሎ ይገባል፣ ከዚያ ይሞቃል፣ ከዚያ ማን ያቆመዋል!»

እስቲ አስቡት! እኔ ላይ፣ እሱ ታች፣ በመሐላችን አንድ ቁልቁለት ብቻ፤ ይህን ለማወቅ ሊዮን ምድር ቤት መግባት ነበረብን? ከዢል ጋር መሥራት ያዝንና ዘፈኖቻችንን ቁልቁለቱን እንደመውረድ አደረግናቸው፤ ቀስ ብለው ይነሡና ሮጠው ይገባሉ። ግጥሙን ሰይድ፣ ዜማውን እኔ። አንዲት ሐረግ ከድጓው አላመጣሁም፣ እሱም ከመንዙማው። ሌላ ጉሮሮ ግን ከየት አመጣለሁ? ጉሮሮዬ የአባባ ነው። አደራውን በልቻለሁ ወይስ አልበላሁም እያልኩ ስንቱን ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ።

ዘፈኖቻችንን ካሴት ላይ ቀዳናቸው፤ ይህን የሰማ የከተማው ሬዲዮ ጋዜጠኛ መጥቶ ከዚህ በፊት ምን ሙዚቃ እንደተማርን ጠየቀን። «ምንም» አልን ሁለታችንም፣ እኩል። ዢል አፉን ከፍቶ አየን። «ውሸታሞች! እኔ እዚህ ትምህርት ቤት ዕድሜዬን ፈጅቼ የእነሱን ትንፋሽ ማግኘት አቅቶኛል!» ጋዜጠኛው ሳቀ። እኛ ግን የምራችንን ነበር።

ከዚያ ሰይድዬ ጉድ ሠራኝ። ካሴታችንን በጅቡቲ በኩል ለአባቱ ላከላቸው። ጋሽ እድሪስ ደግሞ ደስታቸውን አልቻሉትም፤ ቴፑን ተሸክመው ዳገቱን ወጥተው አባባ ዘንድ አስቀምጠው አስደመጧቸው።

ሰይድ የአባቱ ደብዳቤ ደርሶት ይህን ሲነግረኝ «ምን አሉ?» ብዬ ጮህኩበት።

«እኔ በምን አውቃለሁ? ቀጥሎ የሚመጣው ደብዳቤ ላይ ይነግሩናል።»

መጠበቅ አልቻልኩም። አባባ ደብረ ብርሃን ቴሌ እንዲቀርቡ አስጠራሁ። በቀጠሮው ቀን ስልኩን አነሣሁ። ከብዙ መንሿሿት በኋላ ያ ድምፅ መጣ።

«ደህና ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አባባ... ሰሙት?»

«ሰማሁት።»

«ተቀየሙኝ እንዴ?»

 «ያ የሚያጨበጭበው የእድሪስ ልጅ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ ሰይድ ነው።»

«እሱ አይስትም። አንተ ነህ የቸኮልከው። ከመሞቁ በፊት ያለችው ሐረግ ላይ ትንፋሽህን ቆረጥካት።» ከኋላቸው ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሲያጉረመርም ይሰማኛል። እሳቸው ግን ምን ገዷቸው። «ድገመው» አሉኝ።

«እዚህ? በስልክ?»

«ድገመው እንጂ።»

ደገምኩት። የማዳም ሮዝ ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ያችን ትንፋሽ ሳልቆርጥ እስከ መጨረሻው አወጣኋት። ከዚያ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ ጠበቅሁ። ዝም። «አባባ?» አልኩ፤ ዝም። መስመሩ ተቆርጦ ይሁን፣ አባባ ዝም ብለውኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።