ከስንጥቁ በታች

ስንጥቁን ያሳዩኝ ቀን በደረቴ ተኝቼ አየሁት። ቦታው ከአኖ ከተማ ወደ ውስጥ፣ ሞተር ከሚደርስበት አልፎ በእግር የሚኬድበት መንደር ነው። ከቤቶቹ በላይ ባለው ተዳፋት የበቆሎ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር የሰነጠቀ ጠባብ አፍ ነበር። ክንዴን ሰደድኩበት፤ እስከ ብብቴ ገባ። ይዞኝ የወጣው ገበሬ፣ የመንደሩ ሰው ለናዳ ጥበቃ የመረጠው ጎልማሳ፣ ድንጋይ ወረወረበትና ጆሮውን ደቅኖ አዳመጠ።

«ሲወድቅ ሰማሽ?» አለኝ።

«አልሰማሁም።»

«እኔም አልሰማሁም።» ከዚያ ለራሱ አጉረመረመ፤ «ለፍቲ ዴማ ጅርቲ።» መሬቷ እየሄደች ነው ማለቱ ነበር።

እኔ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚያው የቀረ አናጢ ነበር። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ስንወጣ ኦሮምኛ እያወራን አደግን። ሥራዬ የገጠር መንደሮች ጎርፍ፣ ናዳና እሳት ሳይደርስባቸው እንዲዘጋጁ ማገዝ ነው። አደጋው ሲመጣ በየት እንውጣ፣ ማን ማንን ይሸከም፣ ይህን ከሰዎቹ ጋር ቁጭ ብለን እንመክራለን። ሰው ፊት ቆሜ «አትደንግጡ» ስል ድምፄ የረጋ ነው ይሉኛል። ሌሊት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የማደርገውን የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት። «አንቺ እንዲህ እየፈራሽ ሌላውን ምን ብለሽ ታስተምሪያለሽ?» ትለኛለች።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ልምምድ አደረግን። ከትምህርት ቤቱ የለመንነውን የመኪና ቸርኬ ከመንደሩ መሃል ዛፍ ላይ ሰቀልን። እሱ ሲመታ ሁሉም እቃውን ትቶ፣ በጎን በኩል ባለው መንገድ ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ጉብታ እንዲወጣ ተስማማን። ለበሽተኛና ለአቅመ ደካማ ቃሬዛ ተሠራ። አንድ ወፍራም ሰውዬ በሽተኛ ሆኖ ሲተኛበት ተሸካሚዎቹ ሳቅ አሸንፏቸው ጣሉት። ሴቶቹ እስኪያለቅሱ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ዓይኔን ግን ከተዳፋቱ ላይ መንቀል አቃተኝ።

ያልሳቁት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከቸርኬው ሥር ከዘራቸውን ተደግፈው ሲያዩን ቆይተው ጠሩኝ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ሆይ እንደማለት፤ «ይህ ተራራ አያቶቼን ያውቃል። እኔን ምን ያደርገኛል?»

«ምንም አያድርግዎት፣ አባ ኮ» አልኳቸው፣ አባቴ እንደማለት፤ «ቸርኬው ሲመታ ግን ይውጡ።»

ከዘራቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በነሐሴ አኖ ሌላ ሥልጠና ላይ ሳለሁ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ያው ገበሬ ነው። ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ሰፍቷል፤ ከተዳፋቱ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ እንደ ደም ቀልቷል። «ቸርኬውን ምቱ!» አልኩት። «እኔን አትጠብቁኝ፤ አሁኑኑ ምቱ!» ሞተር ይዤ ወጣሁ። ጭቃው ሞተሩን ሲያቆመው ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ። ዝናቡ ፊቴን ይገርፈኛል። መንደሩ ስደርስ ቸርኬው እየተመታ ነበር። ሰዉ ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን ፈትቶ በጎን መንገድ ይተማል። ማንም አይስቅም።

«አራሷስ?» አለ አንድ ሰው።

ከስንጥቁ ሥር፣ ከሁሉም በላይ ባለው ቤት በዚያው ሳምንት የወለደች ሴት ነበረች። በልምምዱ ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አራስ ትሆናለች ብሎ ያሰበ የለም። ወጣሁ። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ በሩ ላይ ቆመዋል።

«አራስ በዝናብ አትወጣም» አሉኝ። «ብርድ ይመታታል። ብትሞት ማን ይጠየቃል?»

አልፌያቸው ገባሁ። ሴትዮዋ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጣብቃ ተቀምጣለች። ዓይኗ ብቻ ይታየኛል። «በሩ ከትናንት ጀምሮ አልዘጋ ብሏል» አለች ቀስ ብላ። ያኔ ገባኝ፤ ቤቱ ከመሬቱ ጋር እየተጎተተ ነው። ምሰሶው እንደ ሰው አቃሰተ። እግሬ ሳላዘው ወደ በሩ ዞሯል።

ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተማርኩት ንግግር ነበር፤ ተረጋግቶ ማስረዳት። አንዱም ቃል አልመጣልኝም።

«አዮ» አልኳቸው፣ እናቴ እንደማለት፤ ድምፄ ተሰበረ። «ፈርቻለሁ። ልሮጥ ነው። ምራትዎንና ሕፃኑን ትቼ መሮጥ ግን አልቻልኩም።»

አዩኝ። ከፀጉሬ የሚንጠባጠበውን ውኃ፣ የሚንቀጠቀጠውን አገጬን አዩ። «አንቺም ፈራሽ?» አሉ። ወዲያው ጋቢያቸውን አወለቁና ምራታቸውን ጠቀለሏት፤ በላዩ ላይ ላስቲክ ደረቡባት። ቃሬዛ ይዘው የደረሱት ሰዎች አንስተዋት ወጡ። አማቷ ሕፃኑን ለእኔ ሰጡኝ።

ሕፃኑን ልብሴ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ይተንፍስ አይተንፍስ አላውቅም፤ ቆሜ ለማየትም ፈራሁ። አማቷ ከኋላዬ ልብሴን ይዘዋል። ጉብታው ሥር ስንደርስ ድምፁ መጣ። እንደ ነጎድጓድ ከላይ አይደለም፤ ከእግራችን ሥር ነው የመጣው። ዞር ስል ዛፎቹ እንደቆሙ ቁልቁል ይሄዳሉ። የአራሷ ቤት ዘንበል አለና ጠፋ። ከሥሩ ያሉት ቤቶችም ተከተሉት። ደረቴ ላይ ሕፃኑ ጮኸ። እኔም አብሬው ጮኽኩ።

ሰው አልሞተም። ከብቶች ተቀበሩ፤ ማሳና ጎተራ ሄደ። ናዳው የሽማግሌው አጥር ጋ ደርሶ ቆመ። ቤታቸው ጭቃ እንኳ አልነካውም። ሌሎቹ «እግዜር አዳነዎት» ሲሏቸው እሳቸው ቸርኬው ሲመታ ወጥተው በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ጥርሳቸው ይጋጭ ነበር። «ግማሹ እዚያው አለ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የተራራው እኩሌታ ዛሬም ተንጠልጥሏል።

መንደርተኛው ወደ አኖ መንገድ ተጠግቶ ሰፈረ። አራሷ ብርድ መቷት ሰነበተች፣ ዳነችም። ልጁ አሁን ይሮጣል። መሬቱ ግን እዚያው ስለሆነ ሰዉ ቀን ቀን እየወረደ ያርሳል። ተዉ ልላቸው አልችልም፤ ምን ይብሉ? ዘብ እንዲቆም፣ ደመና ሲከብድ ሁሉም እንዲወጣ ተስማምተናል።

ሽማግሌው ተመልሰው አልወረዱም። ልጃቸው ያርስላቸዋል። ባለፈው ክረምት ስጎበኛቸው ተራራው በሚታይበት በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን ይጠብቁ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማካፋት ጀመረ። እጄን ያዙኝ።

«ሂን ሶዳቲን» አሉኝ። አትፍሪ።

እጃቸው እጄን አጥብቆ እንደያዘ፣ ልጃቸው የሚመጣበትን መንገድ አብረን አየን።