ዓሣውም ይጹም

ቀለመወርቅ ወገዳ ከተማ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ነው። ሥራውን ማንም አይነቅፍበትም፤ የሚነቀፈው በምላሱ ነው። የሠራውን ነገር ካላወራ ያለቀ አይመስለውም። በር ገጥሞ ሲጨርስ እንኳ ባለቤቱን አቁሞ የማጠፊያውን ታሪክ ሳይተርክለት አይለቀውም።

ይህ ሰው ከከተማው በታች ባለው የመስኖ ግድብ ውስጥ ዓሣ መኖሩን የሰማ ቀን ልቡ እዚያው ቀረ። ወገዳ ውስጥ መንጠቆ የሚሸጥ ሱቅ ስላጣ ራሱ መሥራት ጀመረ። የጃንጥላ ሽቦ በፍም አግሎ አጎበጠ፣ ጫፉን በሞረድ አሾለ፣ የተያዘው ዓሣ እንዳያመልጥም ወደ ኋላ የሚነክስ ጥርስ አወጣለት። ለክብደት የአሮጌ ባትሪ እርሳስ አቅልጦ ባቄላ ባቄላ የሚያህል ጠብታ አደረገው። ክሩ ላይ የሚንሳፈፈውን ምልክት የቆረጠው ከሚስቱ ከምሥራቅ የነጠላ ጫማ ሶል ነው። እሱ ጫማው አሮጌ ነበር ብሎ ይምላል፤ እሷ ዓመት እንኳ አልሞላውም ትላለች።

ከዳር ሆኖ የሚያወጣቸው ዓሦች ከመዳፍ አይበልጡም ነበር፤ ትልልቆቹ መሀል ናቸው። ስለዚህ ጀልባ ሠራ። ላሜራ ቆርጦ በየደ፣ መጋጠሚያውን ሬንጅ ቀባ፣ በጎንና በጎኑ አፋቸው የታሸገ ስድስት ቢጫ ጀሪካኖች አሰረ። መቀመጫው ከተገለበጠ ባጃጅ የተነቀለ ነው፤ ከምሥራቅ መደብ የበለጠ ይመቻል። የዓሣ ማጥመጃ ሸምበቆዎቹን የሚሰካባቸው ሁለት የቱቦ ቁራጮች በግራና በቀኝ በየደለት። ጀልባውን ውሃ ላይ አስሮ እንዲያቆምለት ደግሞ ያረጀ የወፍጮ መጅ ላይ ሰንሰለት ቋጠረበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጀልባው ከፋሲካ ጀምሮ ከጓሮ አልወጣም። የግድቡ ጥበቃ ካሣሁን ሁለት ሰው ካልሆነ ውሃ ላይ አላስወጣም አለ። ሁለተኛው ሰው ከየት ይምጣ? ከተማው በሙሉ ብረት ይሰምጣል ብሎ ፈርዶበታል። ቀለመወርቅ በነቢዩ በኤልሳዕ ጊዜ ብረት መንሳፈፉን ቢጠቅስ፣ ምሥራቅ አንተ መቼ ነው ኤልሳዕ የሆንከው ብላ አፉን አስያዘችው። እሷ እንኳን ልትገባበት በስሙም አትጠራው፤ «ያ ገንዳ» ነበር የምትለው። የወደዱት ዶሮዎቿ ብቻ ናቸው፤ ባጃጁ ወንበር ላይ እንቁላል ይጥሉበት ነበር።

ታኅሣሥ ገባ። በነቢያት ጾም መካከል ንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ሩፋኤል ቤታቸውን ጠበል ሊረጩ መጡ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ካህናቱም ይከራከሩበታል፤ አባ ግን ከዐቢይ ጾም በቀር ይቀምሳሉ። ምሥራቅም ባሏ ጠዋት ያወጣቸውን ዓሦች ወጥ ሠርታ አቀረበች። አባ አመስግነው በሉ፤ አውጪልኝ ብለውም አስጨመሩ። የምሥራቅ ፊት በራ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላሉ። ቀለመወርቅ እንዴት እንደያዛቸው ካልተናገረ ወጡ ጨው የጎደለው መሰለው። ስለ ጃንጥላው ሽቦ አወራ፣ ስለ እርሳሱ አወራ፣ አባም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት።

«ዋናው ምስጢር ግን መንጠቆው ላይ የሚደረገው ነው አባ» አለ። «ከቅበላው የተረፈች የበግ ጮማ ነበረችኝ። ዓሣ ስብ ከሸተተው ዘመድ አያውቅም።»

የአባ እጅ ትሪው ላይ ቆመ። ምሥራቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቀለመወርቅ የሆነውን የተረዳው ከሁሉም ኋላ ነው።

አባ ውሃ አስመጥተው ታጠቡ። «ዓሣው ስብ በላ፤ እኔ ዓሣውን በላሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሳላውቅ ነውና እግዜር ይፍታኝ። ከዛሬ ወዲያ ግን ዓሣውም ይጹም።» መስቀላቸውን አሳልመዋቸው ወጡ። ቀልድ ይሁን ተግሣጽ ከፊታቸው አልተነበበም።

 ምሥራቅ የተናገረችው ማታ እራት ስታቀርብለት ነው። «ጾሙ ሳይፈታ ንጹሕ ዓሣ አባ ፊት ካላቀረብኩ፣ የገና ለት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ዓይናቸውን አላይም።»

ከዚያ ወዲያ ቀለመወርቅ እንቅልፍ አጣ። የሽምብራ ዱቄት አቡክቶ መንጠቆው ላይ ለጠፈ። ከዳር ሲወረውረው ሊጡ ወደ ቀኝ፣ መንጠቆው ወደ ግራ ይሄዳል። ያልተበተነውም ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ሦስት ቀን ባዶ እጁን ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ምሥራቅ እንዝርቷን እያሾረች ብሶቱን ስትሰማ ቆየች። ከዚያ ከሙዳይዋ ጥቂት ባዘቶ ቆንጥራ፣ ሊጡን ከእጁ ተቀብላ አብራ አሸችው። ጥጡ ሊጡን አያያዘው። ውሃ የሞላ ሰታቴ ውስጥ ቢነክሩት ሳይሟሟ ቆየ። ቀለመወርቅ ሊዘል ምንም አልቀረው። ሲወረውረው ግን አሁንም ይሰነጠቅ ነበር። እንዲህ ያለ ሊጥ ከላይ ቀስ ተደርጎ የሚወርድ እንጂ የሚወረወር አይደለም። ከላይ የሚያወርደው ደግሞ ጀልባ ነው። ይህን በሁለት አጭር ቃል ነገራት።

ምሥራቅ እንዝርቷን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አሾረች።

«ዶሮዎቹን አስወጣቸው» አለች።

ከገብርኤል በኋላ ባለው ቅዳሜ አራት ጎረቤቶች ጀልባውን በትከሻ ተሸክመው ወደ ግድቡ ወረዱ። ምሥራቅ ነጠላዋን አጥብቃ፣ አንገቷን ደፍታ ከኋላ ትከተላለች። መንገድ ላይ ያገኟቸው ገበያተኞች ባርኔጣቸውን እያወለቁ ዳር ቆሙ። አንዲት ሴት የማን አስከሬን እንደሆነ ሳትጠይቅ ማልቀስ ጀመረች። ዓሣ ልንይዝ ነው ብሎ ማስረዳት ደግሞ ከለቅሶው ይከብድ ነበር፤ ነፍስ ይማር ብላቸው አለፈች።

ካሣሁን ሁለት መሆናቸውን አይቶ ፈቀደ። ምሥራቅ ባዶ ጀሪካን በመቀነቷ ወገቧ ላይ አስራ፣ አማትባ ገባች። ጀልባው ዘመመ፣ ተወዛወዘ፣ ቀጥ አለ። ብረቱ ተንሳፈፈ። ቀለመወርቅ ደረቱ ተነፋና መጋጠሚያውን እንዴት እንደበየደው ሊጀምር ሲል፣

«ቀለሜ» አለችው፤ «ዓሣ ጆሮ አለው።»

ዝም አለ። መጁን በቀስታ ወደ ውሃው ለቀቀና ተቀመጠ። ውሃው ላሜራውን ሲመታው ሰማ፣ ሚስቱ ሊጡን በጣቶቿ ስታድበለብል አየ፤ እስከዛሬ ከገጠማቸው በሮች ሁሉ ይልቅ ይህ ደስ አለው። የጫማው ሶል ጥልቅ ሲል ክሩን የሳበችው እሷ ናት። ጣቷን ክሩ ቆረጣት፤ አልለቀቀችም። የወጣው ዓሣ ክንድ ያህል ነበር። ሁለተኛውም ተከተለ። ቀለመወርቅ ለአባ ይበቃል ብሎ መጁን ሊያነሣ ሲነሣ፣ ተቀመጥ አለችው፤ ሊጡ ገና አላለቀም ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አባ ወልደ ሩፋኤል ተጠርተው መጡ። ምሥራቅ ወጡን አቅርባ እጇን አጣምራ ቆመች። ስለ ሽምብራውና ስለ ጥጡ የተናገረችው እሷ ናት፤ አንድም ሳታስቀር። አባ እስከ መጨረሻው ሰምተው ባረኩና በሉ። እንደ ፊተኛውም አስጨመሩ። ታጥበው ሲያበቁ ግን አልተነሡም፤ ጺማቸውን እየዳሰሱ በበሩ በኩል ወደ ጓሮ ይመለከቱ ጀመር። ምሥራቅ አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ ብላ ልቧ ተሰቀለ።

«ልጄ» አሉ አባ፤ «ያ ጀልባችሁ ሦስት ሰው ይችላል?»