መብረቅና የሻገተው በቆሎ

ሰፈርተኛው መብረቅ ይለዋል፤ እሱም ቅጽል ስሙን ደስ ብሎት ተቀብሎታል። በር የሚከፍተው በእርግጫ፣ ክርክር የሚዘጋው በጥፊ ነው። ዶሮዎቹን ሲነካ ግን እጁ ሚስቱ እንኳ አይታው የማታውቀው ልስላሴ ነበረው። ሚስቱ ይህን እያየች ብዙ ዘመን አብራው ኖራለች። ታናሽ ወንድሟን በዶሮ እርባታቸው መኖ ቀላቃይ አድርጋ ስታስቀጥር ግን ቁርጡን ነገረችው።

"እኔስ የቻልኩህን ያህል ቻልኩህ። እሱ ላይ እጅህን ያነሳህ ቀን ከዚህ ግቢ እወጣለሁ፤ እንዳትፈልገኝ።"

መብረቅ ያለሷ መኖር እንደማይችል ያውቃልና ማለላት። እስከዚያ ክረምት ድረስም ቃሉን ጠበቀ።

በዚያ ክረምት የመጋዘኑ ጣሪያ አፈሰሰና የበቆሎው ጆንያ ከሥሩ ርሶ ሻገተ። ወንድምየው አረንጓዴውን ሻጋታ ዘግኖ አሳየው።

"ጋሼ፣ ይሄ መጣል አለበት።"

"ምን ያስጥለዋል? ፀሐይ ላይ አስጣው። ያንን ዱቄት ደግሞ እጥፍ አድርገህ ጨምርበት።"

ዱቄቱ ከመኖ ጋር የሚቀላቀል፣ የሻጋታን መርዝ በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ይዞ ከኩሷ ጋር የሚያስወጣ፣ ነጭ አፈር መሳይ ነገር ነው። መብረቅ ከገዛው ወዲህ እንደ ጠበል ያምነው ነበር። ወንድምየው አንገራገረ፤ ግን ከመብረቅ ጋር ተከራክሮ ጥርሱን ይዞ የወጣ ሰው ስለማያውቅ የታዘዘውን አደረገ።

ዶሮዎቹ መብላት አቆሙ፤ ክንፋቸውን ጥለው ቆዘሙ። አንድ ማለዳ መብረቅ የዶሮ ቤቱን ሲከፍት ወለሉ በሬሳ ተሸፍኗል። ሚስቱ ለእንስሳት ሐኪሙ ስትደውል እሱ አንዷን ሬሳ አንጠልጥሎ ወደ መኖ ክፍሉ ሮጠና ወንድምየው ፊት ላይ ወረወራት።

"ዱቄቱን አልጨመርክም።"

"ጨምሬያለሁ ጋሼ። እንዳልከኝ እጥፍ ነው ያደረግኩት።"

"ጭራሽ ትዋሸኛለህ?"

አንገቱን አንቆ ከበርሜሉ ጋር አጋጨው። ሊያመልጥ ሲል አካፋውን አነሳበት። ወንድምየው ለጭንቅላቱ የመጣውን በክንዱ መከተ፤ አጥንቱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። መብረቅ አላቆመም። የወደቀውን ሰው ጎድኑን በጫማው ጠለዘው፤ ከአፉ የፈሰሰው ደም ወለሉ ላይ ከነጩ ዱቄት ጋር ተለወሰ። ሚስቱ ደርሳ ጀርባው ላይ ስትንጠለጠል በክርኑ ደረቷን ብሎ ጣላት። ትንፋሹ ሲያልቅ ነው አካፋውን የጣለው።

ሐኪሙ ሲደርስ መጀመሪያ የወንድምየውን ክንድ በጣውላ አሰረለት። ከዚያ የሞተችውን ዶሮ ሰነጠቃት፤ ጉበቷ ቢጫ ሆኖ በጣቱ መሃል ፈረሰ። ጆንያው ውስጥ እጁን ከቶ አሸተተ።

"ዱቄቱ የሚይዘው ጥቂቱን መርዝ ነው። እንዲህ የሻገተ በቆሎ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ብትደፉበት አያድናቸውም። ሻጋታው ደርቆ ቢራገፍም መርዙ እዚያው ነው። ማነው ይሄን አብሉ ያለው?"

ወንድምየው ደሙን ዋጠ። መብረቅ አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ይቅርታ መጠየቅ ግን አያውቅበትም፤ የሚያውቀው ሥራ ብቻ ነው። የቀሩት ዶሮዎች ሳይሞቱ በቆሎውን ጠርጎ ሊያወጣ ጎንበስ ብሎ አካፋውን አነሳ።

ወንድምየው በደህና እጁ ጭንቅላቱን ሸፍኖ ጥጉ ውስጥ ኩርምት አለ።

ሚስቱ ሲኮራመት አየችው። ወንድሟን ደግፋ አስነሳችና ከግቢው ይዛው ወጣች።

"በቆሎውን ልጥል እኮ ነው" አለ መብረቅ። የሰማው ሐኪሙ ብቻ ነበር።