የኮሪደሩ ቦግ ድርግም

ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል። ዲግሪ የለውም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ዛሬ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ስለሚያይ ሥራው ቀዘቀዘ፤ የእሱ እጅ ግን መቀዝቀዝ እምቢ አለ። ከሞቱ ሬዲዮዎች ትራንዚስተር እየፈታ ሰው ሲጠጋው የሚበራ፣ ሲመሽ የሚበራ፣ አንዳንዴም ደስ ሲለው ብቻ የሚበራ መብራት ይሠራል። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሳህን የሚቀመጥበት ቦታ ከጠፋ ቆይቷል።

ያን ሰሞን ግን ነገሩ የጨዋታ አልነበረም። ዳሌዋ ተሰብሮ እሱ ጋ የከረመችው ታላቅ እህቱ፣ እናት ሆና ያሳደገችው፣ ልሂድ ብላ ተነሣች። ሰበቡ ኮሪደሩ ነው። ቀን ቀን ከበሩ በላይ ባለው መስታወት ብርሃን ይገባል፤ ማምሻውን ግን ድቅድቅ ይላል። ሁለት እጇ ክራንች ይዞ ማብሪያውን በምኗ ትጫነው? በአፍንጫዋ?

«ሽንት ቤት ለመሄድ ወንድሜን አብራልኝ እያልኩ የምለምን ሴት አይደለሁም» አለችው። «እሑድ ልጄ መጥታ ትወስደኛለች። በቃ።»

«እትዬ፣ እስከ እሑድ ታገሺኝ» አለ ሆዱ ባብቶ። እሷ ከመምጣቷ በፊት ብቻውን እራት የበላባቸው ዓመታት ትዝ አሉት። አይመለሱበት!

አራት ቀን አንገቱን ደፍቶ ሲበይድ ሰነበተ። ጨለማ ሲሆን አምፖሉን የምታበራ፣ የአተር ፍሬ የምታክል ሴንሰር፣ ብርሃን የምትለይ ዓይን፣ ገጠመ። ቅዳሜ ማምሻውን ኮሪደሩ ላይ ሰቅሎ እህቱን ጠራ። ጨለም ሲል አምፖሉ ቦግ አለ። «እልል በይ እንጂ!» ብሎ ሳይጨርስ ድርግም። ደግሞ ቦግ። ደግሞ ድርግም። ኮሪደሩ ጭፈራ ቤት ሆኖ አረፈው።

ኢንጂነር ሽቦ ነካካ፣ ባትሪ ቀየረ፤ ወይ ፍንክች። እህቱ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

«ምን ያስቅሻል? አልሠራም እኮ!»

«ሠርቷል እንጂ! ዓይኑን እኮ እዚያው አምፖሉ ፊት ተከልክበት፣ አንተ ጅል። ይበራና የራሱን ብርሃን አይቶ ነጋ ብሎ ይተኛል። ሲተኛ ይጨልማል፣ ደንግጦ ይነሣል!»

ክው አለ። ሠላሳ ዓመት በማጉያ መነጽር ሲያይ የኖረ ሰው አፍንጫው ሥር ያለውን ይጣ?

«የእስክሪብቶህን ክዳን አምጣ» አለችው። ጥቁሩን ክዳን ጫፉን በምላጭ ቆርጠው ሴንሰሯ ላይ እንደ ኮፍያ ደፉላት፣ ፊቷንም ወደ በሩ መስታወት አዞሩት። አምፖሉ በራ። ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። አልጠፋም! ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ማለት ይኼ ነው። እሷም ክራንቿን እያንኳኳች ኮሪደሩን ሄደችበት፣ ተመለሰችበት፣ ደግማ ሄደችበት።

እሑድ ልጅቷ መኪና ይዛ መጣች። እናቷን ያገኘቻት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ የሽቦ ላስቲክ ስትልጥ ነው።

«እማዬ፣ አልተዘጋጀሽም እንዴ?»

«የት ለመሄድ?» አለች እናት ቀና እንኳ ሳትል። «ገና የደረጃው አለ፣ የጓሮው አለ። አጎትሽን ብቻውን ብተወው ዓይኑን የት የት ሲተክል ሊውል ነው?»

ኢንጂነር ሻይ ላፍላ ብሎ ወደ ጓዳ ሸሸ። ደስታው እያስለቀሰው ነበር።

«ይልቅ ቁጭ በይና» አለቻት ልጇን፣ «ያቺን ፒንሳ አቀብዪኝ።»