የቆረጥኳት ዘጠኝ ሰከንድ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃምሳ። የሽመና ማሽን ሠራተኛው ሰይድ ኮምቦልቻ ውስጥ በሚሠራበት ፋብሪካ በር ላይ ወደቀ። ዕድሜው ሃምሳ አንድ ነበር። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ አንደበቱም ተያዘ። ደሴ ወደሚገኝ ሆስፒታል ወሰዱት።

ደሴ ውስጥ በሬዲዮ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ ተፈራ መቅረጸ ድምፅ ሰጡኝና "ስም፣ ሰዓት፣ ቦታ። ስሜትህን ለሚስትህ ንገራት" አሉኝ። ሚስት እንደሌለኝ ነገርኳቸው። "እንግዲያው ለማንም አትንገር።" ሃያ ሁለት ዓመት በዚሁ ሠራሁ።

ሰይድን ለሬዲዮ ዝግጅት ያነጋገርኩት ከመውደቁ ስምንት ወር በፊት ነው። የልቡ ምት እየዘገየ ራሱን ይስት ስለነበር፣ አዲስ አበባ ሄዶ ከግራ ደረቱ ቆዳ ሥር ፔስሜከር ተተክሎለታል። ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ልብ ስትዘገይ በኤሌክትሪክ ትቀሰቅሳታለች። ደም ግፊትም ነበረበት። ለግፊቱ በየቀኑ ኪኒን ይውጥ ነበር።

የፈረቃ መቀያየሪያ ላይ ጠበቅኩት። ጓደኞቹ ከበውት ወጡ።

"ባትሪው መጣ! ቻርጅ አድርገህ ነው የወጣኸው?" አለ አንዱ።

"የኔው ዓመታት ይሄዳል፤ ያንተ ስልክ ለምሳም አትደርስ" አለ ሰይድ።

ሳቃቸው ጥርት ብሎ ተቀረጸ።

በማግስቱ አንድ የልብ ሐኪም አነጋገርኩ። "መሣሪያው የልቡን ምት ይጠብቅለታል" አለኝ። ቀጠለና "ግፊቱን ግን አይቀንስም። ምትና ግፊት የተለያዩ ናቸው። ግፊት ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው፤ ባያመውም ኪኒኑን እንዳያቋርጥ" አለ።

ዝግጅቱ ከተመደበለት ሦስት ደቂቃ በዘጠኝ ሰከንድ በለጠ። ወይ ሳቁ ይወጣል፣ ወይ ከ"ግን" በኋላ ያለው የሐኪሙ ንግግር። ሁለቱንም በሰዓት ለካሁ። ሐኪሙን ቆረጥኩት። ጋሽ ተፈራ ሰሙትና "ሳቁ ሕይወት አለው" አሉ። ተላለፈ።

ሰይድ ከወደቀ በኋላ አራት ቀን ቆየ። ቅዳሜ ሞተ፤ በዕለቱ ተቀበረ። እሑድ ለለቅሶ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ባለቤቱን ዘሃራን ኪኒኑን ይወስድ እንደነበር ጠየቅኳት።

"ከሬዲዮው በኋላ ተወው" አለች። "በስልኩ ቀድቶታል። 'ዋጠው እንጂ ሰውዬ' ስለው፣ ከፍቶ ያሰማኛል። 'ሐኪሙ መሣሪያው ይጠብቀዋል ብሏል፣ አልሰማሽም?' ይለኛል። ወላሂ፣ ምንም አላመመውም ነበር።"

"ሐኪሙ ሌላም ብሎ ነበር" አልኳት። "ኪኒኑን እንዳያቋርጥ ብሏል። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

"ብዙ ነበር?"

"ዘጠኝ ሰከንድ።"

"ለምን ቆረጥከው?"

"ሳቁ እንዲገባ።"

"ሳቁንማ ይወደው ነበር" አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ለቀስተኛ ገባና ተነሣችለት።

ሰኞ ጠዋት ለጋሽ ተፈራ ነገርኳቸው። "ሐኪሙን ሙሉውን አስተላልፈው። የቆረጥከው አንተ መሆንህንም ተናገር" አሉኝ። በራሴ ድምፅ ተናገርኩ። ዘሃራ ሰምታው እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወዲህ ሐኪም "ግን" ካለ፣ ከ"ግን" በኋላ ያለውን አልቆርጥም። ለባለጉዳዩም ከመተላለፉ በፊት አሰማውና ምን እንደገባው እጠይቀዋለሁ።

በዘሃራ ፈቃድ ሰይድ ሆስፒታል ሲገባ የተሞላውን ካርድ አይቻለሁ። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። የደም ግፊት፦ 230 በ130። የልብ ምት፦ በደቂቃ 60፣ ያልተዛባ።